እማማ በሐይቁ መንገድ ላይ የተቀመጡ ዕለት

ውዴ ዓለሙ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቴፒ እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ አያባራም፣ መናኸሪያው ጭቃ ነው፣ ቁርስ ቤቴም እዚያው ጥግ ላይ አለች። ከንጋት በፊት ተነስቼ ሊጥ አቦካለሁ፣ ሾፌሮቹን አበላለሁ፣ ማታ እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም። አንተ ታመህ በተኛህበት ጊዜ የጀመረኝ ድካም አብሮኝ ቀረ። ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ ይለቅሻል" ይለኛል። እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እናትህ ነው።

አንተ ካረፍክ በኋላ እማማና እኔ አንድ ቤት ውስጥ የምንኖር ሁለት ዝምተኞች ሆንን። ለካ ስናወራ የኖርነው በአንተ በኩል ነው። እሳቸው በአገራቸው ቋንቋ ይነግሩሃል፣ አንተ ወደ አማርኛ መልሰህ፣ ከራስህም ቀልድ ጨምረህ ለእኔ ትነግረኛለህ። እኔ የምለውንም አሳምረህ ታቀርብልኝ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። የእማማ አማርኛ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ እኔም ከእሳቸው ቋንቋ ከሰላምታ የሚያልፍ አልያዝኩም። "ብይ"፣ "ይጠጡ"፣ "ዝናብ መጣ" እየተባባልን ከረምን።

በዚህ መሀል ወንድምህ በቀለ እናቱን ሊወስድ ከጌጫ መጣ። በክፋት አይደለም። እራት ከበላን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወይንሸት፣ ልጅ እንኳ የላችሁም። እናቴ ምኔ ናት ብለሽ ታኖሪያታለሽ? አንቺም ገና ነሽ፣ ራስሽን አትጉጂ" አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዱ ልቤ እፎይ ብሎ ነበር። የማጥበው ልብስ ይቀንሳል፣ እሁድ እሁድ እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ሌላው ልቤ ደግሞ ማታ ወደ ባዶ ቤት መግባቱን አስቦ ፈራ።

እማማ አልተቃወሙም። ልብሳቸውን በፌስታል ቋጠሩና በሩ አጠገብ አስቀመጡት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ልጄ የሠራበት ቦታ አሳዩኝ" አሉ። ያን ሁሉ ዓመት የሐይቁ ፓርክ ጥበቃ ሆነህ ስትሠራ እሳቸው ሐይቁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

እሁድ ጠዋት ቁርስ ቤቱን ዘግቼ ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። ከመኪናው መንገድ ወርደን አንተ እንግዳ የምታስጎበኝበትን አጭሩን መንገድ ያዝን። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ለአሮጊት እግር እንኳ የሚመች ነው። የተጋባን ሰሞን ስትወስደኝ ትዝ ይልሃል? "ይህ ለሰነፍ የተሠራ መንገድ ነው" ብለህ ስትስቅብኝ ጫማዬ ተበጠሰና አዝለኸኝ ሄድክ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ቁልቁል ሲያዩን አፍሬ ፊቴን ጀርባህ ላይ ደበቅኩ።

ጫካው ዛሬም ጨለምለም ያለ ነው። ቅጠሉ ሌሊት የዘነበውን ያንጠባጥባል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። ከጅረቱ ላይ አንተ ያጋደምከው ግንድ በስብሶ ሌላ ተተክቷል። እዚያ ስንደርስ እማማ ክንዴን ያዙ። ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቁኝም። ከጅረቱ ማዶ ያገኘነው የፓርኩ ጥበቃ የአንተ እናት መሆናቸውን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ትከሻቸውን ሳመ። "ይህን መንገድ የጠረገው እሱ ነው፣ እማማ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ እናትህ ወደ ላይ አላዩም፤ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ቀስ እያሉ ነው የተራመዱት።

ጫካው አልቆ ሣሩ ጀመረ። ወገብ ይደርሳል፤ ነፋስ ሲነካው ይተኛና ይነሳል። ከወዲያ ጫፉ ሐይቁ ግራጫ ሆኖ ይታያል። እዚያ መሀል መንገድ ላይ እማማ ቁጭ አሉ። የፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ዘረጉ። በቀለ የደከማቸው መስሎት "ትንሽ ነው የቀረው፣ ተነሺ እንጂ" አላቸው።

አልተነሱም። በቋንቋቸው ረዘም አድርገው ተናገሩት። እኔ የለየሁት ያንተን ስም ብቻ ነው። በቀለ አንድ ሣር ነቅሎ ያኝክ ጀመር። ከዚያ እማማ ወደኔ ዞሩ። እያንዳንዱን ቃል እየፈለጉ በአማርኛ፣

"የበቀለ ቤት ሰው ሙሉ ነው። ያንቺ ቤት ሰው የለም። ልጄ ደግሞ ቴፒ ተቀብሯል። አንቺ ደክሞሻል፣ እኔም ደክሞኛል። አብረን ይድከመን" አሉኝ።

አንተ አልነበርክም እኮ የሚያሳምርላቸው። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

በቀለ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ። ካረፍክ ወዲህ ሰው ሁሉ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ ሲለኝ ነው የከረመው፤ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። የምለው ብዙ ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን "ፌስታላቸውን ማታ እፈታዋለሁ" የሚል ብቻ ሆነ። ከዚያም አለቀስኩ። ለቅሶህ ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ።

በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ደረስን። እናትህ ፊታቸውን በውሃው ታጠቡና ቆመው ቆዩ። በማግስቱ በቀለ ብቻውን ወደ ጌጫ ተመለሰ። ቅር እንዳይለው ፈርቼ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ማር ልኮልናል።

አሁን እማማ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤት መጥተው ሽንኩርት ይልጣሉ። ሂሳብ ሳይከፍል የሚወጣ ሾፌር ካዩ ይጮሁበታል፤ ሾፌሮቹ ይወዷቸዋል። በወጥ ጨው ጉዳይ መጣላት ጀምረናል፤ ያለ አስተርጓሚ። ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው እያሳዩ ልጅነትህን ይነግሩኛል፦ ቀፎ ልታወርድ ወጥተህ በንብ ተነድፈህ ዓይንህ አልገለጥ ማለቱን፣ ያኔም ቢሆን ማሩን አለመጣልህን። ይህን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። እኔም በተራዬ እሳቸው ያላዩትን ዓለሙን እነግራቸዋለሁ። ግማሽህ እሳቸው ጋ ነበር፣ ግማሽህ እኔ ጋ፤ ያለንን አንድ ላይ እያደረግን እንይዝሃለን። በዚህ ቤት ስምህ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም፣ ውዴ። አንዳችን ብትረሳ ሌላዋ ትጠራዋለች።

ያንተው ወይንሸት