የወደቀው ዓምድ

ነሐሴ 3፣ ወረታ

ዛሬ የምሠራበትን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ በአዲስ ቴምፕሌት፣ በተዘጋጀ የገጽ ንድፍ፣ ባለ ሦስት ዓምድ አደረግሁት። የዛሬውን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጎልቶ እንዲታይ በቀኝ ዓምድ ብቻውን አቆምሁት። በኮምፒውተር ያምራል። በስልክስ? ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ላሉት ለቄሱ አባቴ ደወልሁና ገጹን እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። አይተው መልሰው ደወሉ።

“የሩዝ ዘር ይላል፤ ከዚያ ስብሰባ። ሌላ አላየሁም።”

በስልኬ ብከፍተው ዓምዶቹ ተደራርበዋል፤ የቀኙ ከሁሉ ግርጌ ወርዷል።

“ለካ በስልክ ዓምዱ ይወድቃል፣ አባባ!”

“ዓምዱ ከወደቀ ጣራውን ምን ያዘው?”

ተሳሳቅን። ስልኩን ዘግቼ ቴምፕሌቱን ስፈታታ ቆየሁ። ለካ ስክሪኑ ሲጠበው ከግራ ጀምሮ ነው የሚደረድረው! ማስጠንቀቂያውን ወደ ግራ አዛወርሁና እንደገና ደወልሁ።

“አሁን አየሁት” አሉ። “ጎርፍ መምጣቱን እያወቅሽ ነው ስለ ዓምድ ስታወሪኝ የቆየሽ? በይ ዝጊው፣ ውሃው ሳይደርስ ከብቶቹን ወደ ጉብታው ላውጣ።”