ባሌን ጠየቁት

ሰኞ
አልሰጡኝም። ጤና ጣቢያውን በተጠባባቂነት ስመራ ከርሜ፣ ዛሬ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ኃላፊነቱ ለከበደ ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ግን እዚህ ሲቀጠር ሥራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው ሳያልቅ ከጤና ቢሮ የመጣው ሰውዬ፣ "ሲስተር አስቴር፣ እስቲ ሻይ እዘዢልን" አለኝ። አዘዝኩ። አፌን ምን ያዘው?

ማክሰኞ
የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ክፍል ቁልፍ አስረከብኩ። ማዋለጃ ክፍል ሲስተር ዘሃራ ጓንቷን እያወለቀች፣ "ወላሂ፣ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ዝም አልኩ፤ ይኸው እንደዚሁ ጡረታዬ ደረሰ" አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት "አይዞሽ" አለኝ።

ረቡዕ
ጤና ቢሮ ሄጄ "ለምን?" አልኩ። አለቃው ወንበር ሳበልኝ። "ለአንቺው ታስቦ እኮ ነው። ልጅሽ ጡት አልጣለም። የመስክ ሥራ አለ፣ ማምሻ ስብሰባ አለ።" በክትባት ዘመቻ ያንኑ ልጅ አዝዬ ገጠር፣ ቦኬ ድረስ መሄዴን ነገርኩት። ፈገግ አለ። "ደግሞ ባለቤትሽን ጠይቀነዋል። አይመቻትም ብሎናል።"

ባለቤቴን!

ማታ ቤት ስጠይቀው ታደሰ አልካደም። "ደውለው ጠየቁኝ። ለአንቺ ብዬ ነው" አለ። ለእኔ! በቸርች "ጌታ ሆይ፣ አስቴርን ከፍ አድርጋት" ብሎ የሚጸልየው እሱ ነው። እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

ሐሙስ
ከገጠር ምጥ የጠናባት ሴት መጣች፤ ደም ይፈሳታል። ከበደ ሮጦ መጥቶ "ሲስተር፣ ምን እናድርግ?" አለኝ። ወደ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። እናትም ልጅም ተረፉ። ተመስገን።

ዓርብ
ቢሮ ተመለስኩ። "ከአሁን በኋላ ስለ እኔ የምትጠይቁት እኔን ነው" አልኩ። አለቃው፣ "መቻራ በኩል ኃላፊ የሌለው ጤና ጣቢያ አለ። መንገዱን እየፈሩ ሁሉም እምቢ ብለዋል። ትሄጃለሽ?" አለኝ። እምቢ እንድል መፈለጉ ያስታውቃል።
"እሄዳለሁ" አልኩ።

ቅዳሜ
ለታደሰ ነገርኩት።
"ልጁስ?"
"አብሮኝ ይሄዳል።"
"እኔስ?"
ተነስቼ መኝታ ቤት ገባሁ። እሱ ሳሎን ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልከፈተም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ዝናብ ሲጥል ያ መንገድ መኪና አያሳልፍም። ቢሆንም የልጄን ልብስ ማጣጠፍ ጀምሬያለሁ፣ ለዝናቡ ወፈር ወፈር ያለውን አስቀድሜ።