የራሳቸውን ግንብ ያፈረሱት ጋሽ ቱንቢ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቱንቢ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከጡብ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ከከተማው ዳር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የግንበኝነት ሙያ ያዙ። የሠሩት ግድግዳ፣ ቅጽል ስማቸው እንደሆነው የግንበኛ መለኪያ እንደ ቱንቢ ገመድ ቀጥ ያለ ነበር፤ እርሳቸውም መታጠፍ አያውቁም።

በ1964 ዓ.ም. የግጦሹ መሬት ተሸንሽኖ ይህ ሰፈራችን ሲቆረቆር የመጀመሪያዎቹን ቪላዎች ከገነቡት አንዱ ነበሩ። ያኔ የቤቱ ሁሉ ፊት ሣር ነው፤ ጓሮው ከጓሮ ይገናኛል፤ አጥር የሚባል የለም። በዚያው ዓመት ትዳር መሥርተው እዚሁ ገቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ልጆች በጓሮ በጓሮ ሲሯሯጡ ውለው ማን ቤት ምሳ እንደበሉ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ከተማው ሲሰፋ ዋናው መንገድ በአጠገባችን አለፈ፤ ሌባም ተከትሎት መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ግንብ አሠራ፤ የሠሩለትም እርሳቸው ናቸው። ሆኖም በሁለት ጓሮ መካከል ጠባብ በር ሳይተዉ ግንብ አያቆሙም። «ጎረቤት በመንገድ ዞሮ አይመጣም» ይሉ ነበር። ሰው ናቸውና፣ በ1998 ዓ.ም. ከጀርባ ጎረቤታቸው ከነርሷ ጋር በሚረግፍ የዛፍ ቅጠል ተጣሉና የራሳቸውን በር በጡብ ደፈኑት። ባለቤታቸው «ኧረ ተዉ አንቱ ሰው፣ ነገ እንፈላለጋለን» ቢሏቸውም አልሰሙም። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

በሁለተኛው ዓመት ባለቤታቸው ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ወደቁ። አጎታችን ሥራ ላይ ነበሩ። ነርሷ ጩኸት ሰምተው በጓሮ ቢሮጡ ግንቡ መለሳቸው። ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ናቸውና በመንገድ መዞሩ ሩቅ ነው፤ ሲደርሱ አክስታችን አርፈው ነበር።

አጎታችን ከቀብር እንደተመለሱ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መዶሻ አንሥተው የደፈኑትን አፈረሱ። ነርሷ ከወዲያ ማዶ ቆመው አብረዋቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ግንብ አልሠሩም። በየቤቱ እየዞሩ ሌሎች ጎረቤቶችም በየጊዜው የደፈኗቸውን በሮች እንክፈት ቢሉም የሰማቸው ጥቂት ሰው ነው፤ ይህም እስከ መጨረሻው ሲቆጫቸው ኖረ።

በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። የመጨረሻውን ሾርባ በዚያ መዝጊያ በሌለው በር ይዘው የመጡላቸው ነርሷ ናቸው። ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኛ የእህት ልጆች እጅግ አዝነናል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ በመካከላቸውም ግንብ አይኑር።