የማትገፋው መኪና

ጥቅምት 11
ሮቤ ዙሪያ። ዛሬም ተገፋን።

ጧት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው አንዴ "ቀጭ" አለና ዝም። መስኮቱ በጤዛ ተሸፍኗል። ጠርጌ ሳይ ኢብሳና የመንደሩ ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ቆመዋል። ማን ጠራቸው? ማንም። ለምደዋል። ኢብሳ የገብስ ገበሬ ነው፣ የኔን መኪና መግፋት ግን ሁለተኛ ሥራው አድርጎታል። "ዺባ!" ይላል። ግፉ ማለቱ ነው። ይገፋሉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን እለቃለሁ፣ ትነሳለች። ልጆቹማ መኪናዋን ራሷን ዺባ ብለው ሰይመዋታል። የእንስሳት ሐኪሟ መጣች የሚል የለም... ዺባ መጣች ነው።

መገፋቱስ ይሁን። መኪናዋ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ግን ሌሊት ቆሟል፣ የዶሮው ክትባት ሞቋል። የፈንግል ክትባት ከሞቀ በኋላ ለዶሮ ውኃ ማጠጣት ነው። ደፋሁት። ወይዘሮ ጠጂቱ፣ የዶሮ አርቢዎቹ ሴቶች ሰብሳቢ፣ ከነጋ ጀምሮ ዶሮዎቻቸውን አቅፈው ቆመው ነበር። ዶሮዎቹን ይዘው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 12
አሰላ። እማዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።
"ተገፋሽ አሉ።"
"ትንሽ።"
"አባትሽ ይህን ሁሉ ዘመን ሲነዳት አንድ ቀን ተገፍታ አታውቅም።"

አባዬ ሲነዳት ፍሪጅ ነበራት? አልጋ ነበራት? ሰው ይጭንባት ነበር፣ ማታ ግቢ ያስገባታል፣ አለቀ። ወንበሮቿን አውልቄ ቤትም ክሊኒክም ያደረግኳት እኔ ነኝ። ይህን ብል ይብስብኛል።

መኪናዋን ልግዛ የሚለው የአዳማው ሰው እንደገና ደውሏል አለች። ሊብሬው በእሷ ስም ነው። "ለኅዳር ጽዮን ማግስት መልሱን እነግረዋለሁ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ካልተስተካከለች ይውሰዳት።" ቀልዷን አይደለም፣ ዓይኗን አይቻለሁ።

ብትሸጥ ምን ልሆን ነው? ቢሮ ተመልሼ ስብሰባ ላይ ላንቀላፋ? አልችልም። እውነቴን ነው፣ አልችልም።

ጥቅምት 15
ለምንድን ነው መኪናዋ የምትሞተው? ሻዬን ይዤ አሰብኩ።

መንደር ሳድር፣ ሲመሽ ሴቶቹ ጭኮ ይዘው ይመጣሉ። በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት... እኔ ደግሞ ጭኮ ላይ ይሉኝታ የለኝም። በልቼ ሳልጨርስ ከየነጠላው ስር ስልክ ይወጣል። "ዶክተሬ፣ ይቺን ትንሽ ቻርጅ..." አንድ ሁለት እያለ መደርደሪያው ይሞላል። ባለፈው አንዱ የሠርግ ስፒከር ተሸክሞ መጣ። የሰው ጭኮ በልቶ "አይሰካም" የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ጥፋቱ ግን የስልኮቹ አይደለም። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪና ፍሪጁን የሚያሠራው፣ የቤቱ ባትሪ የምለው፣ በወፍራም ገመድ ተያይዘዋል። ያያያዟቸው ጋሽ የኋላሸት ናቸው፣ የአባዬ ጓደኛ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ። "ይተጋገዙ ብዬ ነው" አሉኝ ያኔ። ደስ ብሎኝ አመሰገንኳቸው። ይኸው ባንድ ትሪ እንደቀረቡ ሰዎች እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ ተካፍለው ጧት ሁለቱም ባዶ ናቸው።

መለያየት አለባቸው።

ጥቅምት 19
የጋሽ የኋላሸት ጋራዥ።
"ይለዩልኝ" አልኳቸው።
"ምነው፣ ምን አጠፉ?"
"ፍሪጁም መብራቱም ከቤቱ ባትሪ ብቻ ይብሉ። የሞተሩን ማንም እንዳይነካብኝ።"
"አንዱ ጠግቦ አንዱ ሲራብስ?"
"ይራብ።"

ተቀየሙኝ። ሰው ክፉ ሆነ አይነት አስተያየት አዩኝ። ቢሆንም ኮፈኑን ከፈቱ። ካርቶን ላይ አብረን ሳልነው... ሞተር ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሙላ። ሞተር ሲጠፋ መሃላቸው ይዘጋ። ቆሜ በምውልበት ቀን ደግሞ ጣራዋ ላይ ሶላር። ካርቶኑን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስለዚህ ገብቷቸዋል ማለት ነው፣ አይደል?

ጥቅምት 27
ሮሐ ከአዲስ አበባ ዕቃውን ላከችልኝ። በዩኒቨርሲቲ አብረን ከተማርን ጀምሮ እንደ እህቴ ናት። አዲስ ሊትየም ባትሪ፣ ከዲናሞው እየመጠነ የሚሞላው ቻርጀር፣ ፊውዞች። ጋሽ የኋላሸት ባትሪውን ባንድ እጃቸው አነሱና ተጠራጠሩ።
"ምንም አይከብድ። ውስጡ አለ?"

አለ ጋሼ፣ አለ።

ኅዳር 2
ቀኑን ሙሉ እማዬ ግቢ ሠራን። የድሮውን ገመድ ቆረጥን፣ አዲሱን ዘረጋን፣ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ገባ። እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ሶላሩን አሰርኩ። እማዬ ከበረንዳ ሆና "ትወድቂያለሽ" ስትል ዋለች። አልወደቅኩም።

ባትሪው ገና ግማሽ ነው። ሆን ብዬ ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ ያለውን ሁሉ ከፍቼ ላሳድር ነው። ይለቅ። የቤቱ ቢያልቅም ሞተሩ ጧት መነሳት አለበት። ፈተናው ይኸው ነው።

ኅዳር 3
አልተነሳችም።

ኅዳር 4
ትናንት አልቅሻለሁ። ይጻፍ፣ ማን ያየዋል። እማዬ ደግሞ እንደ ታመመ ሰው ቁርሴን አልጋዬ ድረስ አመጣችልኝ፣ ይህ ነው የባሰው።

ዛሬ ተነስቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ሽቦ በእጄ ተከተልኩ። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ምንጣፉ ትንሽ አብጧል። ገለጥኩት። ቀይ ገመድ! ካንዱ ባትሪ ወደ ሌላው ተጋድሟል። ካርቶኑ ላይ እንዲህ ያለ ገመድ የለም፣ እኔ ነኝ የሳልኩት።

ፈትቼ ይዤው ጋራዥ ሄድኩ።
"ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?"
ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ። "ለክፉ ቀን ብዬ ነው።"
"ምን አሉኝ?"
"ድንገት ገደል አፋፍ ላይ አንዱ ቢደክምብሽ... ሌላው ይድረስለት ብዬ ነዋ። አባትሽ ቢኖር ምን ይለኛል? ጨክኜ አልቻልኩም።"

ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ፣ እየደጋገሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። ምሳ አብረን በላን።

ኅዳር 5
ትናንት የሞተሩን ባትሪ በጋራዡ ቻርጀር ሞላን፣ የቤቱን ግን እንደገና ግማሽ ብቻ፣ ሁሉም ነገር ተከፍቶ አደረ። ጧት መብራቱ ጠፍቷል፣ የቤቱ ባትሪ ተሟጧል። ቁልፉን አዞርኩ።

ባንዴ! ሳልጸልይ እንኳ። ጎረቤት እስኪሰማ ጥሩምባ ነፋሁ።

ኅዳር 6
እንደገና ሞከርኩ። ባንዴ።

ኅዳር 7
ባንዴ። አሁንስ ስለጣመኝ ነው የማስነሳት።

ኅዳር 13
ከመንዳቱም ከሶላሩም የቤቱ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፍሪጁ ሳይቆም ሰንብቷል፣ ቴርሞሜትሩ ከአራት ንቅንቅ አላለም። ለወይዘሮ ጠጂቱ ደወልኩ። "አዲስ ክትባት ይዤ እመጣለሁ፣ ሦስት ሌሊት አድራለሁ።"
"ለኢብሳ ልንገረው?" አሉኝ። ለግፊያው መሆኑ ነው።
አይንገሩት አልኩ። እንደሚነግሩት አውቃለሁ።

ኅዳር 21
ጽዮን ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ "ነገ ሰውየው መልስ ይፈልጋል" አለችኝ።
"ከሮቤ እስክመለስ ይጠብቅ። እለምንሻለሁ።"
ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣጠፈች።
"ይጠብቅ። እኔም እመጣለሁ። በዓይኔ ልይ።"

ምን ልበላት? ስንቅሽን ያዢ አልኳት።

ኅዳር 25
ሮቤ ዙሪያ።

ሦስቱንም ሌሊት እማዬ አልጋዬን ወረሰች፣ እኔ ወለሉ ላይ። ያንን ቀይ ገመድ መኪናው ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ወጥሬዋለሁ፣ ነጠላዋን አሰጣችበት። ፍሪጁ አንዴም አልቆመም። የሴቶቹ ዶሮ በሙሉ ተከትቧል፣ ዓይን ዓይናቸው ላይ ጠብ እያደረግኩ። የመጨረሻዋ የወይዘሮ ጠጂቱ ቀይ ዶሮ ነበረች፣ ነቆረችኝ። "ይቅርታ፣ ጥቅምት ላይ ስለመለስሻት ይሆናል" አሉኝ እየሳቁ። ቅሬታቸውን ገና አሁን ነው የተናገሩት፣ እስከዛሬ ይዘውት።

ጾም ስለገባ ጭኮው ቀርቶ ቆሎ ነው የመጣልን። ስልኩ ግን ያው። ማታ ማታ እማዬ ራሷ ተቀብላ "ይቺ የማን ናት? ያቺስ?" እያለች ስትሰካ ነበር።

ዛሬ ጧት ብርዱ ያው የጥቅምቱ ነው። እማዬ በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየች።
"እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?"
"ሊገፉን።"

ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። አባዬ ሲነዳ የምትቀመጥበት ወንበር ነው። ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች። ባንዴ።

ኢብሳ እጁ ከኋላው በር ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ቆይቶ ወደ መስኮቱ መጣ፣ ቅር ያለው ይመስላል።
"ዶክተሬ፣ ታዲያ እኛስ?"
እማዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "እናንተማ ውለታችሁ አለብን። እግዜር ይስጥልን። በሉ ቆሎ ዝገኑ።"

ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩት። አለቀስኩ፣ ማንም ያይ።

ያኔ የእማዬ ስልክ ጮኸ። እዚሁ መኪና ላይ ተሰክቶ ያደረው ስልክ። የአዳማው ሰው ነው።
"ደህና ነህ ልጄ... የለም፣ ቤት አይደለሁም... መኪናዋ? ሥራ ላይ ናት።" ሞተሩን ይሰማ ብላ መሰለኝ ስልኩን ወደ ፊት ዘረጋችው። "ሰማህ? አዎ... አይ ልጄ፣ አትሸጥም። ሌላ ፈልግ።"

ዘጋችና ዞር አለችብኝ።
"ምን ፈዘሽ ታይኛለሽ? የቀጣዩ መንደር ሴቶች ዶሮ ይዘው እየጠበቁሽ አይደል? ንጂ።"

ነዳሁ። ኢብሳ ቆሎውን እየቆረጠመ መንገዱ ድረስ ሸኘን፣ እጅጌው አሁንም እንደተሰበሰበ ነው።