ሕፃኑ ለብሶት የመጣው ቅባት

ሰኞ፣ ጥር 29

የማሞቂያው ናፍጣ አለቀ። እዚህ ዮርዳኖስ፣ ከረክ ከተማ፣ ብርዱ አይቻልም። ሱቅ ወርጄ ጀሪካኑን ሞላሁ። ዳቦ፣ ወይራ፣ እርጎ። ምንም የተለየ ቀን አይደለም... ልጄ ሪሃም መውለጃዋ ደርሷል፣ እኔ ወይራ እመርጣለሁ።

ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያ ልጃችን ያማን ሲወለድ እናቴ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ አጥባ በጨውና በወይራ ዘይት አሸችው። በማግስቱም ደገመች። ቆዳው ቀላ፣ ተላጠ። ባለቤቴ ዊሳል፣ አላህ ይዘንላትና፣ እጄን ይዛ «በቃ በላት፣ አንተን ትሰማለች» አለችኝ። «እናቴ ታውቃለች» አልኳት። ሳምንት ሳይሞላው ትኩሳት ወሰደው። ሐኪሙ በቆዳው የገባ ኢንፌክሽን ነው አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ «የአላህ ውሳኔ ነው» አልኩ። እውነት ነው። ግን ከኋላው ተደበቅኩበት።

ዊሳል እስክትሞት አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር?

ረቡዕ፣ የካቲት 1

ሪሃምን ክሊኒክ ወሰድኳት። ባሏ ዓቀባ ወደብ ሥራ ላይ ነው።

ነርሷ ሚርፈት «ሲወለድ ነጭ ቅባት ለብሶ ይመጣል፤ ወዲያው እንዳታጥቡት» አለች። ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። «ቆሻሻ? ሐጂ፣ መድኃኒት ነው እኮ!» ሳቀችብኝ። ውስጡ ፔፕታይድ የሚሏቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ፣ የጀርሙን ገላ በስተው ይገድሉታል። በእኛም ቆዳ፣ በእንባችን፣ በመጀመሪያው የጡት ወተትም አሉ። ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራቸው። የእነሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒትም አለ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል በመርፌ የሚሰጥ፤ ግን ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ይፈራል። «ሰው ለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል፣ ልጁ በነጻ ይዞት ይመጣል» አለች።

«ጨውስ?» አልኩ።

«ጨው ቆዳውን ይልጠዋል። በሩን ከፍቶ ሌባውን ግባ እንደ ማለት ነው።»

አላህ አልብሶ ይልካል... እኛ ገፈን እንጥላለን። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከምንጣፉ መነሳት አቃተኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 3

እህቴ ነጅላ መጣች። ከሙት ባሕር ዳር የመጣ ጨው ይዛለች፣ ራሷ የፈጨችው።

«ጨው ያልነካው ልጅ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? እግሩ የሚሸት፣ ዓይኑ የማያፍር! ያ ጎረቤታችሁ፣ ስሙን አልጠራም...»

ሪሃም ነርሷ ያለችውን ልትነግራት ጀመረች።

«ነርሷ ስንት ወልዳለች?»

«ኧረ አላገባችም፣ አክስቴ።»

«በይ ተይኝ!»

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ማድ ቤት ሪሃም ተከትላኝ ገባች። በሹክሹክታ... «አባዬ፣ አንተ ንገራት። አንተን ትሰማለች።»

የእናቷ ቃል። ማን ነገራት?

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ወንድ! ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። በጆሮው አዛን አደረግኩለት። ብብቱ ሥር፣ የአንገቱ እጥፋት ላይ፣ ነጩ ቅባት እንዳለ አለ። ልነካው ጣቴን ዘርግቼ ሰበሰብኩ...

ነገ ቤት ይገባሉ። ነጅላ ቤት ላሙቅ ብላ ቀድማ ሄዳለች። የምታሞቀው ቤቱን ብቻ ቢሆን...

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ነጅላ የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ አድርጋ፣ ጨውና ዘይቱን አጠገቧ ደርድራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጠበቀችን።

«አምጪው ይኼን ዓሣ! ኤዲያ፣ ይኼ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ሆስፒታሉ ውሃ የለውም እንዴ?»

ሪሃም አየችኝ።

ገንዳውና ሕፃኑ መሃል ቆምኩ። «ዛሬ አይታጠብም። ጨው ደግሞ መቼም አይነካውም።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አዋላጅ የሆንከው?»

ከዚያ ሁሉም ከአፌ ወጣ። ያማን። ቆዳው። የዊሳል ልመና። እኔ የመለስኩላት። ሪሃም ሰምታው አታውቅም፤ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ነጅላ ፊቷ ተለዋወጠ። «እናታችን ገደለችው ልትል ነው? መቃብር ውስጥ ሆና?»

«እሷ የምታውቀውን አደረገች። የተለመንኩት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ። ጨው ይሁን ሌላ፣ አላህ ያውቃል። ዝምታዬን ግን እኔም አውቀዋለሁ።»

ቁጭ አለች።

«የያማንን ጨው የፈጨሁት እኔ ነበርኩ» አለች። «ልጅ ነበርኩ። እንዳይሻክረው ብዬ... በጣም አላምኩት።»

እጇን ያዝኩ። ሪሃም ሕፃኑን አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ከነቅባቱ፣ እንደነበረ ታቀፈችው።

ገንዳውን አንስቼ ደጅ ወጣሁ። ውሃው ገና ይተናል። ደፋሁት።