ጭላሎ ላይ የያዘን «ወባ»

ረቡዕ

ተዘጋን። የተሻገርነው ወንዝ ከኋላችን ሞላ፣ ከፊታችን ያለውም ወንዝ ሰው አያሳልፍም። ጭላሎ ተራራ ላይ ሁልጊዜ ከሚያሳድሩን ከአዴ ፋጤ ጎጆ ገብተናል፤ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በቀለና የአሞሌ ጨው ጭነታችን። የቤቱ እመቤት ግን የሉም፤ ከወንዙ ወዲህ ያለች አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወጥተዋል። ጎረቤት ነው የከፈተልን።

ጠዋት በረዶ ሲወርድብን ያለንን ቁርበት ሁሉ ጨዉ ላይ አለበስን። እኛ በነጠላ በሰበስን። ነጋዴ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሸቀጡ ይደርቃል፣ እሱ ይርሳል። እንጨቱም ርሶ ጭስ ብቻ ሆነ።

ጋሼ ይንቀጠቀጣል። «ወባዬ ተነሳብኝ» አለ። እንደ እኛ ያለ የአዳማ ቆላ ሰው ሲንቀጠቀጥ ሌላ ምን ይባላል? ከባቡር ጣቢያው ግሪክ ነጋዴ የገዛነውን የወባ ኪኒን ሰጠሁት፣ አረቄም ጨመርኩለት።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ተመስገን! መንቀጥቀጡ ቆመ። ወባው ለቀቀው። እንቅልፍ ብቻ ነው የሚለው፤ ይተኛ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ትኩሳቱና ላቡ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ቀረ። ሆዱን ብዳስሰው ይቀዘቅዛል። ሳናግረው ምላሱ ተሳሰረ። ተነሳ፣ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ። የማውቀው ወባ እንዲህ አያደርግም። ወዴት ልውሰደው? ግራና ቀኙ ውሃ ነው።

እግዜር ሲረዳኝ አዴ ፋጤ ደረሱ። ገና ሲነኩት «ቡሳ ሚቲ! ወባ አይደለም ልጄ፣ ብርድ ነው የገባው። እርጥቡን አውልቅለት!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ወዳነደዱት እሳት ልጎትተው ስል እጄን መቱኝ። እግሩን ላሸው ስል ደገሙኝ። አረቄውን ደፉት። አድርቀን በበግ ለምድ ጠቀለልነው፣ እኔንም ከጎኑ አስገቡኝ፣ ገላ ለገላ። ከልጅነታችን ወዲህ አብረን ተኝተን አናውቅም። ቢሞትብኝ እናታችንን ምን እላታለሁ? ወባ ገደለው?

ዓርብ

እንደገና ይንቀጠቀጣል! እኔ ደንግጬ ስዘል አዴ ፋጤ እልል አሉ። «ገላው መታገል ጀመረ። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው» አሉኝ። መዋጥ ሲችል ለብ ያለ ወተት ጥቂት በጥቂት አጠጣነው።

ወንዙ አልጎደለም። ጭጋጉ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጎጆው ውስጥ ከሚያድሩት ጥጆች ጋር መታሰር መረረኝ።

ቅዳሜ

የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ገርጥተዋል፤ ሲቆነጥጡት አይሰማውም። አዴ ፋጤ «አትሹት፣ አይርጠብ፣ ይጠበቅ» ይላሉ። ጣቶቹ ይተርፉ ይሆን? አላውቅም። ዛሬም መንገድ የለም።

ቀን ላይ ጋሼ ነቃ ብሎ ምን ሲጠጣ እንደሰነበተ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዓይኑን አፈጠጠ።

«በዓርብ ምድር? ወተት? አንተ ከሃዲ! ነፍስ አባቴን በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?»

ከዚያ ወዲህ ስድቡን አላቋረጠም። አንዲት ቃል እንኳ ምላሱን አልያዘችውም። ወጥቼ ጎጆው ጀርባ አለቀስኩ። ወንዙ እስኪጎድል ይስደበኝ።