የስድስት ወር ፎቶ

ይድረስ ቴፒ ለሚገኙት አባቴ፤ ጤናና ሰላም ካሉበት ያግኝዎ፣ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ለገጠር ቤት መሥሪያ የመንግሥት ብድር ልናመለክት ከእማዬ ጋር ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ከተማ ሄድን። የብድር ቢሮው ጸሐፊ የይዞታ ደብተራችንን ቁጥር ስታስገባ ከሰማይ የተነሣ የግቢያችን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ! ያ ሁሉ ደን፣ መሐሉ ላይ ጥፍሬን የምታክል ቤታችን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም እንዲህ ያለ ተአምር አላየሁም።

የጎደለው የእርስዎ ፊርማና በስድስት ወር ውስጥ የተነሡት ፎቶ ነው። እማዬ የሠርጋችሁን አወጣች።

«እትዬ፣ ይሄማ ሃያ አምስት ዓመቱ!» አለች ጸሐፊዋ።

እማዬ «እሱ አይለወጥም» ስትል ቢሮው ሳቀ።

«በሕይወት አሉ አይደል?»

«አለ» አለች እማዬ፣ ቶሎ ብላ።

ማመልከቻው ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ስልክዎ አሁንም ስለማይሠራ ይህን በሹፌር ልኬያለሁ። ብድሩም ፊርማውም ይቆይ አባባ፤ ደህና መሆንዎን እንድናይ ፎቶዎን ብቻ ይላኩልን።

እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎ ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ